ሁሉም ያወራል፣ እኔ ማንን ልመን?

ስድስት ሰዎች እየተቀባበሉ የሚተርኩት አንድ ልቦለድ ይዤ ከርሜያለሁ። ይጥማል ወይ ብላችሁ ብትጠይቁኝ መልሴ በየትኛው ምዕራፍ ላይ እንዳለሁ ይወሰናል። የሚስትየዋ ምዕራፍ ላይ ከሆንኩ እንዲህ ያለ መጽሐፍ ተጽፎ አያውቅም። የባልየው ተራ ሲደርስ ግን ደራሲውን ፈልጌ "ምን በደልኩህ?" ልለው ያምረኛል።

አንባቢ ሲባል የዋህ ነው። አንድ ሰው "እኔ" ብሎ ካወራው ወዲያው ይወዳጃል፣ ሁለት ገጽ ሳይሞላ ወገን ይይዛል። እኔማ ጭራሽ ጠበቃ ነው የምሆነው። ሚስትየዋ ስታለቅስ አብሬ አለቀስኩ፣ ባሏን ስትረግም አብሬ ረገምኩ፣ "ምን ዓይነቱ ሰውዬ ነው!" ብዬ ብቻዬን ጮህኩ። ልክ ደሜ ሲፈላ ምዕራፉ አለቀ። ገለጥ ሳደርግ ከላይ በትልቁ የሰውዬው ስም ተጽፏል። ሊያወራ ነው! ማን ጠየቀው? እኔ ፈርጄ ጨርሻለሁ፣ ይግባኝም አልቀበልም።

ያወራል ግን። ያውም ቀስ ብሎ፣ ሳይጮህ፣ ማንንም ሳይወቅስ። ትንሽ ቆይቶ "ይሄ ሰውዬ እውነቱን ይሆን እንዴ?" የሚል ክፉ ጥርጣሬ ሹክ ይለኛል። ከዚህ በላይ ግፍ አለ? ሰውን በሙሉ ልብ መጥላት ቀላል ደስታ መሰላችሁ? በኑሯችን እኮ ይህን ደስታ በነፃ ነው የምናገኘው። ጓደኛችን ደውላ "የሠራኝን ብነግርህ" ስትል፣ ቆይ እስኪ እሱንም እንስማው የሚል ማን አለ? "ድሮም ዓይኑ አላማረኝም" ነው የምንለው፣ ሠርጋቸው ላይ ላብ እስኪያጠምቀን የጨፈርነው እኛው። ከሳምንት በኋላ ታርቀው እጅ ለእጅ ተያይዘው ሲመጡ ደግሞ መግቢያ የሚጠፋን እኛ ነን። ልቦለዱ ግን ተከሳሹን ሶፋዬ ላይ አስቀምጦ "በል ስማው" ይለኛል።

ነገሩ የዛሬ ፋሽን እንዳይመስላችሁ። ጃፓናዊው ርዩኖሱኬ አኩታጋዋ በ1922 እ.ኤ.አ. ባወጣው አንድ አጭር ልቦለድ ውስጥ ስለ አንድ ሰው አሟሟት ሰባት ሰዎች ቃላቸውን ይሰጣሉ፤ ሟቹ ራሱ እንኳ በሙታን ጠሪ አፍ ይመሰክራል። የሚገርመው ሽፍታውም "እኔ ነኝ የገደልኩት"፣ የሟቹ ሚስትም "እኔ ነኝ"፣ ሟቹም "ራሴ ነኝ" ማለታቸው ነው። በሌላው ዓለም ጥፋተኛ ሲፈለግ ይጠፋል፣ እዚያ ለጥፋቱ ሽሚያ ነው! አሜሪካዊው ዊልያም ፎክነር ደግሞ በ1930 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ልቦለድ 15 ተራኪዎችን በ59 ምዕራፎች አሰልፏል። የሞተችው እናት ሳትቀር አንድ ምዕራፍ ደርሷታል። በእኔ ስድስት ማማረሬ ቅንጦት ነው ማለት ነው።

ግን ላማርር። የእኔዎቹ ስድስት ሰዎች ያላቸው አንድ አፍ ብቻ ነው። የአሥር ዓመቱ ልጅ ጀንበር ስትጠልቅ አይቶ ስለ ጊዜ ከንቱነት ይፈላሰፋል፣ ጡረተኛው አያትም በዚያው ቋንቋ ይፈላሰፋሉ። የምዕራፉን ስም በጣቴ ሸፍኜ ባነብ ማን እንደሚያወራ ደራሲውም የሚለይ አይመስለኝም። ጎረቤቲቱስ? በመስኮት ከማየት በቀር ሥራ የላትም፣ ሠላሳ ገጽ ግን ተሰጥቷታል። (ዘልያታለሁ። ከዚያ ወሳኙን ነገር ያየችው እሷ መሆኗን ስሰማ እየተነጫነጭኩ ተመለስኩ።)

ከሁሉም ያማረረኝ ሳህኑ ነው። አንድ እራት ላይ አንድ ሳህን ይሰበራል፣ ከዚያ እያንዳንዱ ተራኪ ተራ በተራ ይሰብረዋል። ሚስት፦ ሆን ብሎ ገፍቶት ነው። ባል፦ ክርኔ ነክቶት ነው። ጎረቤት፦ እነሱ ቤት ሁሌም እንዲህ ነው። አያት፦ እንቅልፍ ወስዷቸው ነበር፣ ግን አስተያየት አላቸው። አምስተኛ ጊዜ ሊሰበር ሲል መጽሐፉን ልዘጋው እጄን አነሳሁ። የልጁ ተራ ነበር። ለካ ጠረጴዛው ሥር ተደብቆ የጠረጴዛውን ልብስ የጎተተው እሱ ነው! እናትና አባት በዚያ ሳህን ሰበብ ወራት ተኳርፈዋል፣ ልጁን የጠየቀው ሰው የለም። ፈልቶ የነበረው ደሜ ቀዝቅዞ ቁጭ አልኩ። ይሄን አንድ ተራኪ ብቻውን ሊነግረኝ ይችል ነበር? አይችልም። ያ ማለት ግን ሠላሳ ገጽ የመስኮት ወሬ ይቅር ተብሏል ማለት አይደለም።

አሁን የቀረችው አማትየዋ ናት። አምስቱም ተራኪዎች በየምዕራፋቸው አምተዋታል፣ በዚህች እንኳ አንድ ላይ ናቸው። ቢያንስ እሷን በሰላም እጠላለሁ ብዬ ተስፋ አድርጌ ነበር። ገና የመጀመሪያው መስመር ላይ ግን አንጀቴን መብላት ጀምራለች።