ምስጋና ለሚያብረቀርቀው ጋን

ሰሞኑን ከአንድ የንጹሕ ቴክኖሎጂ ጀማሪ ኩባንያ ወጥታ «የዋጋ ማቅረቢያ ጥያቄ» ተብላ እጅ በእጅ የዞረችውን ሰነድ ያላያት የለም። ሁለት ገጽ ናት። አንደኛው ገጽ ስለ ዓለም ሙቀት መጨመር ያትታል፤ ሁለተኛው ላይ ሦስት ሣጥንና አራት ቀስት አለ። ከሥር፦ «በዚህ መሠረት የሙከራ ፋብሪካውን ሠርታችሁ ቁልፉን የምታስረክቡበትን ቁርጥ ዋጋ በ10 ቀን አሳውቁን።» እሰይ! ድፍረት ማለት እንዲህ ነው።

ሌላው ሰው የቁስና የሙቀት ሚዛን ሲያሰላ፣ የቧንቧና የመሣሪያ ንድፍ ሲያርም ወራት ይፈጃል። የንጹሕ ቴክኖሎጂ ጀማሪ ኩባንያዎቻችን ግን ማሰቡንም ከብየዳው ጋር ጠቅልለው ለኮንትራክተር ያስረክባሉ። «የሚገባው ጋዝ ውስጥ ሰልፈር ምን ያህል አለ?» ተብለው ሲጠየቁ፣ «ባለሙያዎቹ እናንተ አይደላችሁም እንዴ?» ይላሉ። ኮንትራክተሩ እውነትም ባለሙያ ነው። ያልታወቀውን ሁሉ ዋጋው ላይ ይደርበዋል፤ አለዚያም ዝቅ ብሎ ያሸንፍና ኋላ የምትመጣዋን እያንዳንዷን ለውጥ ለብቻዋ ያስከፍላል። ሥራው ሳይቆረጥ ዋጋው ብቻ ተቆርጦ አያውቅም፤ ይህን ግን ለጀግኖቻችን ማን ይንገራቸው?

ከሁሉ የሚመስጠው የወጪ ቅነሳቸው ነው። ሪአክተሩ፣ ማለትም ኬሚካላዊ ለውጡ የሚካሄድበት ጋን፣ 3 ሜትር ይረዝማል እንበል። አንድ ጨነቀኝ ባይ መሐንዲስ በየ50 ሳንቲ ሜትሩ ቴርሞኮፕል (የሙቀት መለኪያ)፣ መሐል ላይ ደግሞ ሁለት የናሙና መቅጃ ቫልቭ ይጠይቃል። ስብሰባ ተቀምጠው ይሰርዙታል። አንድ ቴርሞኮፕል መግቢያው ላይ፣ አንድ መውጫው ላይ፤ በቃ። በተረፈው ገንዘብ ጋኑ የሚያብረቀርቅ ልባስ ይለብሳል፣ አርማውም መብራት ይገባለታል። ሪባን ተቆረጠ፣ ፎቶ ተነሣ፣ ጋዝ ገባ። ምርቱ ግን በቤተ ሙከራ ከታየው ግማሹን እንኳ አልሞላም። ለምን? መግቢያው ደኅና ነው፣ መውጫውም ደኅና ነው። መሐሉን ፈጣሪ ይወቀው።

መሐሉማ እየነደደ ነው። የቱቦው ዲያሜትር 10 እጥፍ ሲያድግ በየሜትሩ የሚይዘው ካታሊስት፣ ማለትም ለውጡን የሚያፋጥነው ቁስ፣ ከነሙቀቱ 100 እጥፍ ይሆናል፤ ሙቀት የሚያስወጣው ግድግዳ ግን 10 እጥፍ ብቻ ነው። ቤተ ሙከራ ውስጥ ቀጭኗ ቱቦ ሙቀቷን በጎኗ ስታፈስስ «ሂደታችን ለስላሳ ነው» ተብሎ ነበር። አሁን ቴርሞኮፕል ይጨመር ይባላል። ጭማሪው ቀላል ነው! መጀመሪያ የሚነሣው ያ የሚያብረቀርቅ ልባስ ነው። ጋዙ ተዘግቶ በናይትሮጅን ይጠረጋል። ካታሊስቱ ይወጣል፤ የነቃ ኒኬል ከሆነ አየር ሲነካው ራሱን ስለሚያግል እንደ ሕፃን ታቅፈውት ነው። ጋኑ ይበሳል፣ አንገት ይበየድለታል፣ ብየዳው ይመረመራል። ከዚያ ውኃ ሞልተውት፣ በተለመደው የግፊት ጋን ደንብ ከተፈቀደለት ጫና 1.3 እጥፍ ይፈተናል። ይደርቃል፣ ካታሊስቱ ይመለሳል፣ እንደገና በሃይድሮጅን ይነቃል። ይህ ሁሉ ወረቀቱ ላይ አንድ የእርሳስ ጭረት ነበር።

ባክላይት የተባለው ፕላስቲክ ፈልሳፊ፣ «ስህተታችሁን በትንሹ ሥሩ፣ ትርፋችሁን በትልቁ» ያለው ሊዮ ቤክላንድ፣ ይህን ቢያይ ይኮራ ነበር። ስህተቱማ በትንሹ ተሠርቷል፤ የቀረው ምን እንደ ሆነ ማየት ብቻ ነው።

የርክክብ ፈተናውም ምስጋና ይገባዋል። አንዱ ፋብሪካ የሚሠራው በዝቃጭ፣ ማለትም ጠጣር በተቀላቀለበት ፈሳሽ፣ ነው፤ የተፈተነው በውኃ። ፓምፑ እንደ ሰዓት ሠራ፣ ሁሉም አጨበጨበ። በማግሥቱ ዝቃጩ ገብቶ መጀመሪያው የቧንቧ ክርን ላይ ተኛ፤ እዚያ ደግሞ ለማጠቢያ የሚሆን ቀዳዳ የለም። ራንድ የተባለው የጥናት ተቋም እ.ኤ.አ. በ1981 ፈር ቀዳጅ ፋብሪካዎችን መርምሮ ጠጣር የሚያስተናግዱትና አዳዲስ የሂደት ደረጃ የበዛባቸው ከታቀደላቸው አቅም በታች እንደሚወድቁ ጽፏል። ግን 1981 እኮ ድሮ ነው።

እዚህ ላይ ሽሙጡ ይቆይ። የምረቃው ቀን ደረሰ ተብሎ ሃዞፕ የሚባለው የአደጋ ምርመራ በግማሽ ቀን ሲጠናቀቅ፣ የግፊት ማስተንፈሻው ቫልቭ ወደ ውጭ መውጣት ሲገባው አፉ ወደ አዳራሹ ሲከፈት፣ ይህ በሰው ነፍስ ቁማር መጫወት ነው። ሃይድሮጅን አየር ውስጥ ከ4 እስከ 75 በመቶ ሲሆን ይቀጣጠላል፤ ሌሊት ብቻውን ተረኛ የሆነው ልጅ በሪባኑ ፎቶ ውስጥ የለም። ፊርማውን ያስቀመጠው ሰው እዚያ ቫልቭ ሥር አንድ ሌሊት ይደር!

ወደ ውዳሴያችን እንመለስ። የመቆጣጠሪያው ፕሮግራም ምንጭ ኮድ ከእነ ይለፍ ቃሉ ኮንትራክተሩ ዘንድ ቀርቷል፤ ውሉ ላይ «ይረከቡ» የሚል መስመር አልነበረማ። እናም የሙከራ ፋብሪካው፣ ስሙ እንደሚነግረን ሊሞከርበት የተሠራው፣ የሙቀት መጠኑን በ5 ዲግሪ ከፍ ለማድረግ ደብዳቤ ይጻፍለታል። መልሱም በትሕትና ይመጣል፦ የይለፍ ቃሉን የሚያውቀው ልጅ ሥራ ለቋል።