አሁንም እዚያው ነህ እንዴ?

ባለፈው ቅዳሜ ከከዚራ ወደ ሳቢያን የወሰደኝ የባጃጅ ሾፌር በመስታወቱ አየት አድርጎኝ «አቦ ቲቸር፣ አሁንም እዚያው ነህ እንዴ?» አለኝ። ድሬዳዋ አንቱታን ስለማትወድ አንተ መባሌ አላስከፋኝም፤ ያስከፋችኝ «አሁንም» የምትለው ቃል ናት። ሐኪሙን «አሁንም ታክማለህ?» ብሎ የሚጠይቀው የለም። የሁለተኛ ደረጃ የሒሳብ መምህር ግን በሃምሳ ዓመቱ ሰሌዳ ፊት ከተገኘ፣ ባቡር በወለዳት በዚህች ከተማ ባቡር እንዳመለጠው መንገደኛ ይታዘንለታል።

«ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለውን ተረት እወደዋለሁ፤ ጉድለቱ እኛን አለማወቁ ነው። መለስተኛ መምህር፣ ከፍተኛ መምህር፣ መሪ መምህር እየተባልን በደረጃ ስንሾም የበላነው ጠመኔ ብቻ ስለሆነ፣ የሚለቅ ሰው የሚቆጨው ነገር የለውም። የፊዚክስ መምህሩ ባልንጀራዬ ዛሬ ታይዋን ገበያ ስልክ ይሸጣል፤ ስለ ቮልቴጅም የሚያስረዳው ለሚከፍለው ሰው ነው።

ደግሞ ነገሩ ደመወዝ ብቻ አይደለም። በ1997 ዓ.ም. ግድም ፕላዝማ የሚባለው የቴሌቪዥን ትምህርት ክፍላችን ሲገባ የተሰማኝን እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። በሳተላይት የሚያስተምረው ሰው በእንግሊዝኛ ይጠይቅና፣ ልጆቹ ጥያቄው ገና ሳይገባቸው «ቬሪ ጉድ» ብሏቸው ያልፋል፤ እኔ ጥግ ቆሜ ማብሪያና ማጥፊያ እጠብቃለሁ። መምህርነቴ የሚመለስልኝ መብራት ሲጠፋ ነበር፤ ያን ጊዜ ደግሞ የጣሪያው ማራገቢያም አብሮ ስለሚቆም፣ በዚያ ሙቀት የሚሰማኝ አልነበረም። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ሲሆኑ ግን «መምህሩ የት ነበር?» ተባለ። ጥግ ቆሞ ነበር፤ ያቆማችሁት እናንተ ናችሁ!

ወደ ሾፌሩ ልመለስ። ለምን እንዳልለቀቅኩ ልነግረው የፈለግኩት አንድ ነገር ነበር፦ ባለፈው ሐሙስ ከሰዓት፣ ሙቀቱ ክፍሉን ባስተኛበት ሰዓት፣ ድምጿን ሰምቼው የማላውቅ የኋላ ወንበር ልጅ ተነሥታ መጣችና የሳትኩትን የመደመር ምልክት በመዳፏ አጥፍታ መቀነስ አደረገችው፤ ጠመኔውንም በእጄ አስይዛኝ ቃል ሳትተነፍስ ተመልሳ ተቀመጠች።

አፌን ስከፍት ሳቢያን ደረስን። ሒሳብ ልሰጠው ብል «ተወው ቲቸር፣ ደመወዝህን አውቀዋለሁ» አለኝ። በእልህ ብሩን ሰጥቼው መልሱን ሳልቀበል ወረድኩ፤ ሰኞም ትምህርት ቤት የሄድኩት በእግሬ ነው።