መንገዱን ሳይሆን ውሃውን ጠይቁ

በጉዞ ላይ ምግብ ክፉኛ ያመመኝ አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ የበላሁትም መንገድ ዳር አልነበረም። ትልቅ ሆቴል ውስጥ፣ ነጭ ልብስ ከለበሰ ጠረጴዛ ላይ፣ የሚያብረቀርቅ ክዳን ካለው የቡፌ ሳህን ጨልፌ ነው። ምሳው ከቀረበ ሰዓታት አልፈው ነበር። ሩዙ ለብ ብሏል፤ ከሥሩ ያለው ማሞቂያ ጠፍቷል። በዓይኔ አይቻለሁ፤ ግን በላሁት። የአዳራሹ ግርማና የአስተናጋጆቹ ነጭ ጓንት ለሩዙ ዋስ የሆኑልኝ መሰለኝ። ያን ሌሊት የመታጠቢያ ቤት ወለል ላይ እንደተቀመጥኩ ነጋ።

በዚያው ሳምንት፣ ከሆቴሉ ማዶ ጥግ ላይ ጋሪ ከሚያቆሙ አንዲት በዕድሜ የገፉ ሴት ዘንድ አራት ቀን በልቼ ምንም አልሆንኩም። የሚሠሩት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ እንቁላል ከአትክልት ጋር፣ በከሰል ላይ በተጣደ ሰፊ መጥበሻ። ሲታዘዙ ይከትፋሉ፣ ይሰብራሉ፣ ያገላብጣሉ፤ እየጨሰ ይሰጣሉ። ከኋላዬ ሁልጊዜ ወረፋ አለ፤ ሾፌሮች፣ ተማሪዎች፣ የግንባታ ሠራተኞች።

የአንድ ሰው ሆድ ማስረጃ እንደማይሆን አውቃለሁ። ዕድልም ሊሆን ይችላል። ግን ያ ሳምንት እስከ ዛሬ ያልለቀቀኝን ጥያቄ ጥሎብኝ ሄደ። በሰው አገር ስንበላ የምንፈራው ምኑን ነው? እኔ የምፈራው አቧራውን፣ ጋሪውን፣ የሻጩን የደከመ ልብስ ነበር። ባክቴሪያ ደግሞ ልብስ አይመርጥም። የሚፈልገው ሙቀትና ጊዜ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ምግብ የሚመርዙ ተሕዋስያን የሚራቡት በአብዛኛው በ5 እና በ60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መካከል ነው። ከዚያ በላይ ሲሆን ይሞታሉ ወይም መራባት ያቆማሉ፤ ከዚያ በታች ሲሆን ይዘገያሉ። የዓለም ጤና ድርጅት ለዓመታት የሚያስተምረውም ይህንኑ ነው፦ ንጽሕና መጠበቅ፣ ጥሬውን ከበሰለው መለየት፣ መሐሉ 70 ዲግሪ እስኪደርስ ማብሰል፣ የበሰለን ምግብ በክፍሉ ሙቀት ከ2 ሰዓት በላይ አለማቆየት፣ ንጹሕ ውሃ መጠቀም። ሩዝ ላይ ደግሞ የተለየ ተንኮል አለ። ባሲለስ ሴሪየስ የሚባለው ባክቴሪያ ዘሩ ሲቀቀል አይሞትም። ሩዙ ለብ ብሎ ሲቀመጥ ይነቃል፣ ይራባል፣ መርዝ ያመነጫል፤ ያን መርዝ እንደገና ማሞቅ አያጠፋውም። ስለዚህ ቡፌ ጋ ስደርስ ዛሬ መጀመሪያ የማየው ጌጡን ሳይሆን እንፋሎቱን ነው። ከክዳኑ ሥር እንፋሎት ካልወጣ አልፈዋለሁ። አስተናጋጁ ቢከፋም ይክፋ።

በእሳት መመዘኛ ከሄድን መንገድ ዳር ያለች ጥሩ ምግብ ሠሪ ብዙ ጊዜ ከትልቁ ሆቴል ትቀድማለች። ብዙ ሜኑ የላትም፤ አንድ ወይም ሁለት ነገር ነው የምትሠራው። ወረፋው ስለማያባራ የትናንት ምግብ አይተርፋትም። የምትሠራው ዓይንህ እያየ ነው። የተሸሸገ ወጥ ቤት የላትም፤ የምትደበቅበት በርም የላትም። ደንበኞቿ ነገም የሚያልፉ የሰፈሩ ሰዎች ናቸው፤ አንድ ቀን ብታሳምማቸው በማግስቱ ጋሪዋ ጦም ያድራል። የቱሪስት ምግብ ቤት ግን ሁለተኛ የማይመለስ ሰው ነው የሚያስተናግደው።

ነገር ግን እዚህ ላይ ቆሞ መንገድ ዳርን ብቻ ማወደስ ሐሰት ይሆናል። እሳቱ ያዳነውን ውሃው ሊገድለው ይችላል። ትኩሱ ምግብ የሚቀርብበት ሳህን በአንድ ባልዲ ውስጥ ሃያ ጊዜ ተነክሮ ከሆነ፣ እጅ የሚታጠብበት ከሌለ፣ በረዶው ከየት እንደመጣ ካልታወቀ፣ ሰላጣው በቧንቧ ሳይሆን በተጠራቀመ ውሃ ከታጠበ፣ የመጥበሻው ነበልባል ምን ይጠቅማል? የዓለም ጤና ድርጅት በ2015 (እ.ኤ.አ.) ባወጣው ግምት በየዓመቱ 600 ሚሊዮን ሰው፣ ማለትም ከአሥር አንድ የሚጠጋ፣ በተበከለ ምግብ ይታመማል፤ 420 ሺህ ይሞታል። ከሟቾቹ 125 ሺህ ያህሉ ከ5 ዓመት በታች ያሉ ሕፃናት ናቸው። እነዚህ እንደ እኔ ሻንጣ ይዘው የሚዞሩ ሰዎች አይደሉም። በየቀኑ ከዚያው የሚበሉ፣ ሌላ ምርጫ የሌላቸው ናቸው።

የጉዞ ጽሑፎች የሚዘሉት ይህንን ነው። ለእኛ የመንገድ ምግብ ጀብዱ ነው፤ ፎቶ አንስተን እንሄዳለን። ለአካባቢው ሰው ግን ምሳው ነው። የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት በየቀኑ ከመንገድ ላይ የሚበላውን ሕዝብ 2.5 ቢሊዮን ያህል እንደሚሆን ገምቶ ነበር። ነገሩ አዲስ አይደለም። በ79 (እ.ኤ.አ.) በቬሱቪየስ እሳተ ገሞራ በተቀበረችው በፖምፔይ ከተማ ትኩስ ምግብ የሚሸጥባቸው ብዙ ባንኮኒዎች ተገኝተዋል። በ2020 ይፋ የሆነው አንደኛው ሥዕሎቹ ሳይደበዝዙ፣ በማሰሮዎቹ ውስጥ የዳክዬ፣ የፍየል፣ የዓሣና የቀንድ አውጣ ቅሪት እንዳለ ነው የተቆፈረው። ከእነዚያ ባንኮኒዎች ይበሉ የነበሩት ብዙዎቹ ጠባብ ቤታቸው ማብሰያ ያልነበረው ሰዎች ናቸው። ዛሬም ወረፋ የሚቆመው ያው ሰው ነው፦ አንድ ክፍል ተከራይቶ የሚኖር፣ ማለዳ ወጥቶ ማታ የሚገባ።

እንግዲህ ከተሞች በዚህ ምግብ ላይ ምን ያደርጋሉ? አብዛኞቹ ሁለት ነገር ይፈራረቅባቸዋል። አንድ ሰሞን ዓይን እንዳላየ ያልፋሉ፤ እንግዳ ሲመጣ ወይም ጎዳናው ሲታደስ ጋሪውን ይወርሳሉ፣ ሻጮቹን ያባርራሉ። ስሙ ንጽሕና ነው። ግን የተባረረችው ሴት መሸጥ አታቆምም፤ ሁለት ጎዳና ወደ ውስጥ ገብታ፣ ከውሃ ይበልጥ ርቃ፣ ምግቡን ለመሰወር በጨርቅ ሸፍና፣ ደንብ አስከባሪ ሲመጣ ለመሮጥ ተዘጋጅታ ትሸጣለች። የሚሮጥ ሰው ሳህን አያጥብም። በንጽሕና ስም የተደረገው ማባረር ምግቡን ያቆሽሸዋል።

ሌላ መንገድ እንዳለ ሲንጋፖር አሳይታለች። በ1968 እና 1969 መንግሥት 18 ሺህ ያህል የመንገድ ምግብ ሻጮችን መዘገበ፤ ጊዜያዊ ፈቃድም ሰጣቸው። ከ1971 እስከ 1986 ድረስ ደግሞ ቧንቧ፣ የፍሳሽ መስመር፣ መብራትና የቆሻሻ ማስወገጃ ያላቸው የገበያ አዳራሾችን እየሠራ ወደዚያ አዛወራቸው። ሥራው ወደ ሃያ ዓመት ፈጀ። ሁሉም በደስታ ሄደ ማለት አይደለም፤ ቦታውን ያጣ፣ ደንበኛው የጠፋበት ይኖራል። ግን ሙያው አልጠፋም። በታኅሣሥ 2020 ዩኔስኮ ይህንን የሲንጋፖር ባህል ከዓለም የማይዳሰሱ ቅርሶች ተርታ አስገባው።

እዚያ የበላሁበት አዳራሽ ጣሪያ እንጂ ግድግዳ የለውም። ጠረጴዛው የጋራ ነው፤ ቦታ ለመያዝ ሰዎች ትንሽ የሶፍት ፓኬት ያስቀምጣሉ። የባንክ ሠራተኛውና ጠራጊው ትከሻ ለትከሻ ተቀምጠው ይበላሉ። እኔን ግን ከምግቡ በላይ የያዘኝ ከእያንዳንዱ ትንሽ ሱቅ ጀርባ ያለው ቧንቧ ነው። ሰውዬው ዶሮ ይከትፋል፣ ቢላውን ያጥባል፣ እንደገና ይከትፋል። ሳያስበው ነው የሚያጥበው፤ ውሃው እጁ ላይ ስላለ። በመስተንግዶ ሥልጠና የማይገኘውን ልማድ አንዲት ቧንቧ ሰጠችው። አሁን የሚያሳስበው ሌላ ነገር ነው፦ ባለሙያዎቹ አርጅተዋል፤ ልጆቻቸው ያን ያህል ሰዓት እሳት ፊት መቆም አይፈልጉም።

በዚያችው በሲንጋፖር ነው በ2016 ምግብ ቤቶችን የሚመዝነው የሚሼሊን መመሪያ ለሁለት ትናንሽ የምግብ መሸጫዎች ኮከብ የሰጠው። ይህ መመሪያ ራሱ ታሪኩ ይገርማል። ጎማ አምራቾቹ ወንድማማቾች አንድሬና ኤድዋር ሚሼሊን በ1900 ያሳተሙት ሰው መኪናውን ብዙ እንዲነዳ ነበር፤ ብዙ ሲነዳ ጎማው ያልቃልና። ኮከብ የመጣው በ1926 ነው፤ ሁለትና ሦስት ኮከብ ደግሞ በ1931። ትርጉሙም ለመንገደኛ የተጻፈ ነው፦ አንድ ኮከብ ቆም ቢሉበት የማያስቆጭ፣ ሁለት ኮከብ መንገድ ቢያስቀይር የሚገባው፣ ሦስት ኮከብ ለእሱ ብቻ ሲባል ጉዞ የሚወጣለት። ለብዙ አሥርት ዓመታት ኮከቡ የጠረጴዛ ልብስ ያላቸው ቤቶች ርስት ሆኖ ኖረ። በባንኮክ ጄይ ፋይ የሚባሉ ሴት ዓይናቸውን ከዘይት ለመከላከል የበረዶ መንሸራተቻ መነጽር አጥልቀው በከሰል እሳት የሸርጣን ኦምሌት የሚሠሩበት ቤት በ2017 መጨረሻ ኮከብ ሲያገኝ፣ በ2024 ደግሞ የሜክሲኮ ሲቲው ትንሽ የታኮ ቤት ኤል ካሊፋ ዴ ሊዮን ሲያገኝ፣ ዘግይቶም ቢሆን ትክክል ነው ብዬ ደስ አለኝ። ነገር ግን ኮከቡ ቧንቧ አይዘረጋም። ለአንዱ ሻጭ ረጅም የጎብኚ ሰልፍ ያመጣለታል፤ ጎረቤቱ ያው በባልዲው ይቀራል።

ውድ ምግብ ቤት አልወድም ማለቴ ግን አይደለም። ዓመት ሙሉ ቆጥቤ አንድ ምሽት ገብቻለሁ። ሦስት ሰዓት ተቀመጥኩ፤ አሥራ አንድ ትናንሽ ሳህን መጣ። ከጣዕሙ ግማሹን ዛሬ አላስታውሰውም። የማስታውሰው ይህንን ነው፦ እኔ ግራኝ ነኝ። በሁለተኛው ሳህን ላይ ማንኪያውን ወደ ግራ እጄ ሳዛውር አስተናጋጇ አየችኝ መሰለኝ፤ ከሦስተኛው ሳህን ጀምሮ ሹካና ቢላው ተገልብጦ ለግራኝ እንዲመች ሆኖ ቀረበ። ማንም አንዲት ቃል አልተናገረኝም። የከፈልኩት ለዚህ ነበር፤ አልተቆጨሁም። በሌላ ከተማ ግን ተመሳሳይ ዝና ባለው ቤት ብቻዬን ስለመጣሁ መጸዳጃ ቤቱ በር አጠገብ አስቀምጠውኛል፤ ጥሩ ምግብ በልቼ ተዋርጄ ወጣሁ። ብቻውን የሚበላ መንገደኛ ሙሉ እንግዳ ነው፤ ይህንን ያልገባው ቤት ምንም ኮከብ ቢኖረው አልመለስበትም።

ከዚያ ውብ አገልግሎት ጀርባ ምን እንዳለም መጠየቅ አለብን። የኮፐንሃገኑ ኖማ በ2021 ሦስት ኮከብ ያገኘ፣ በተደጋጋሚ የዓለም ምርጥ የተባለ ምግብ ቤት ነው። እስከ 2022 ድረስ ግን በወጥ ቤቱ ከሚሠሩት ወጣቶች ብዙዎቹ ክፍያ የሌላቸው ተለማማጆች ነበሩ። መክፈል በተጀመረ በወራት ውስጥ፣ በጥር 2023፣ ዋና ሼፉ የነበረው ሬኔ ሬድዜፒ ቤቱ በነበረበት መልኩ መቀጠል እንደማይችል አስታወቀ። አሥራ አንዱን ሳህን የሚደረድሩት እጆች ደመወዝ ሲጠይቁ ሒሳቡ የማይገጥም ከሆነ፣ ሒሳቡ ቀድሞም ትክክል አልነበረም ማለት ነው። መንገድ ዳር ያለችው ሴት ቢያንስ የእጇን ዋጋ በእጇ ትቀበላለች።

ስለዚህ አሁን አዲስ ከተማ ስገባ የምጠይቀው «የት ነው የሚጣፍጠው?» ብቻ አይደለም። እሳቱን አያለሁ፣ ወረፋውን አያለሁ፣ ከዚያ ውሃው ከየት እንደሚመጣ እፈልጋለሁ። ስለ ጉዞ የምንጽፍ ሰዎችም ከምግቡ ፎቶ ጋር ይህንን ብንጽፍ እወዳለሁ፦ ቧንቧው ስንት እርምጃ ይርቃል፣ ሻጮቹ ፈቃድ አላቸው ወይ፣ ማዘጋጃ ቤቱ ምን አድርጓል? ከመንገዱ ምግብ ገቢ የሚያገኝ ከተማ፣ በቱሪዝም ማስታወቂያው ላይ የጋሪ ሥዕል የሚለጥፍ ከተማ፣ በየጥጉ አንድ ቧንቧ መዘርጋት አያቅተውም።

እንቁላል የሚጠብሱት ሴትዮ በመጀመሪያው ቀን ቃሪያው አቃጥሎኝ ዓይኔ ሲያነባ አይተው ነበር። በማግስቱ ገና ሳልናገር ቃሪያውን ቀንሰው ሰጡኝ። በአራተኛው ቀን ማልጄ ስመጣ ጋሪው ብቻውን ቆሟል። ትንሽ ቆይተው ከነዳጅ ማደያው በኩል በሁለት እጃቸው ጀሪካን ይዘው፣ በየአሥር እርምጃው እያረፉ መጡ። ሮጬ አንዱን ተቀበልኳቸው። ሊመልሱኝ ሞከሩ፤ ኋላ ለቀቁልኝ። ጋሪው ጋ ስንደርስ በመጀመሪያ እጃቸውን ታጠቡ፤ ቀጥለውም በጣሳ ቀድተው በእኔ እጅ ላይ አፈሰሱልኝ፤ በጥንቃቄ፣ ጠብታ ሳያባክኑ።