ይግባኝ የሌለው ጆሮ

አዲስ አልበም ሲወጣ ከመጀመሪያው ዘፈን እስከ መጨረሻው ሰምቶ፣ በሳምንቱ ደግሞ ተመልሶ የሚሰማው ሰው ጊዜ የተረፈው ነው፤ እሱን እንተወው። የዛሬው ምስጋናዬ ለሌላ ሰው ነው። አንጋፋ የአልተርናቲቭ ሮክ ባንድ አዲስ ሥራ ባወጣ ቁጥር ለእኛ ለዘገምተኞቹ ሲሉ ብይን ለሚያሰሙት ለክቡር ፈራጃችን። ከ2015 ጀምሮ (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ያዙልኝ) አዳዲስ አልበሞች በዓለም ዙሪያ የሚለቀቁት ዓርብ ዓርብ ነው። ፈራጃችን ግን ብይኑን ሐሙስ ማታ ጽፈው ያድራሉ።

ሥራቸው ቀላል እንዳይመስላችሁ። ዘ ኪዩር የተባለው ባንድ ካለፈው አልበሙ ከ16 ዓመት በኋላ በ2024 «ሶንግስ ኦፍ ኤ ሎስት ወርልድ» የተባለውን አልበም አወጣ። በመክፈቻው ዘፈን ላይ የዘፋኙ የሮበርት ስሚዝ ድምፅ የሚገባው መሣሪያው ብቻውን ከሦስት ደቂቃ በላይ ከሄደ በኋላ ነው። ፈራጃችን ገና ሁለተኛው ደቂቃ ሳይሞላ «ሰውዬው ድምፁ ደክሟል» ብለው ጻፉ። አፉን ያልከፈተ ዘፋኝ መድከሙን የሚለይ ጆሮ ለስንቱ ይሰጣል? ዘፈኑ ወደ ግጥሙ ሲደርስ እሳቸው አልፈውት ሦስተኛው ላይ ነበሩ።

የሚፈርዱበት ሕግ አጭር ነው። ባንዱ የድሮውን ከመሰለ ራሱን ደገመ፤ ካልመሰለ ራሱን ጣለ። ሬዲዮሄድ በ2000 «ኪድ ኤ» ላይ ጊታሩን ወደ ዳር አድርጎ ወደ ኤሌክትሮኒክ ድምፅ ሲያዘነብል «ጊታሩ የት ገባ?» ብለው እሪ ያሉት እሳቸው ናቸው። በ2007 ደግሞ ባንዱ «ኢን ሬይንቦውስ»ን በድረ ገጹ ለቆ ዋጋውን ገዢው እንዲወስን፣ ከፈለገም ምንም እንዳይከፍል ፈቀደ። ፈራጃችን ዜሮ ሞልተው አወረዱና «ለዚህ ነው እንዴ ገንዘብ የሚጠየቀው?» አሉ። የ2011ዱ «ዘ ኪንግ ኦፍ ሊምብስ» ስምንት ዘፈን ብቻ ይዞ ሲመጣማ ፍርዳቸው ረቀቀ፦ ይሄ ግማሹ ነው፣ ዋናው ተደብቋል። ብዙ አድናቂም ተከትሏቸው ያንን ሁለተኛ ግማሽ ሲጠብቅ ከረመ። የተሰጣቸውን ጥለው ያልተሠራውን ማድነቅ ከሁሉም ችሎታቸው ይበልጥብኛል።

ትልቁ ሥራቸው ግን የዊዘር ጉዳይ ነው። ባንዱ በ1994 በሰማያዊ ሽፋኑ አልበም ተወደደ። በ1996 «ፒንከርተን»ን አመጣ፤ ሻካራ፣ እርቃኑን የወጣ፣ ዘፋኙ ሪቨርስ ኩዎሞ ገመናውን የዘረገፈበት። የ«ሮሊንግ ስቶን» መጽሔት አንባቢዎች ከዓመቱ መጥፎ አልበሞች ተርታ አሰለፉት። ፈራጃችንም ድምፅ ሰጥተዋል፤ እንዲያውም ፊት ከቀደሙት ነበሩ። ባንዱ ቀጣዩን አልበም ያወጣው በ2001 ነው። በመሀሉ «ፒንከርተን» ቀስ በቀስ ተወዳጅ ሆነ፣ ያው መጽሔትም ከዓመታት በኋላ አምስት ኮከብ ሰጠው። እንደኔና እንደናንተ ያለ ሰው ቢሆን እዚህ ላይ ትንሽ ያፍራል። እሳቸው አልበሙን ከተጣለበት አንስተው፣ አቧራውን አራግፈው፣ ከዚያ ወዲህ የመጣውን የዊዘር ሥራ ሁሉ ይገርፉበት ጀመር፦ «ከፒንከርተን በኋላ እነዚህ ሰዎች ሞተዋል»። ገዳዩን የጠየቀ የለም።

(በነገራችን ላይ አንጋፋ ባንድ የሚያወጣው ሁሉ ማር አይደለም፤ አንዳንዱ አልበም የእውነት ደካማ ነው፣ ሰምቼ ያዘንኩባቸው አሉ። ፈራጃችን ግን መስማትን እንደ አድልዎ ያዩታል።)

ማይ ብለዲ ቫለንታይን ከ1991ዱ «ላቭለስ» በኋላ ቀጣዩን አልበም የለቀቀው በ2013 ነው። የዚያን ሌሊት ድረ ገጹ ከሕዝቡ ብዛት ወደቀ። ፈራጃችን ገጹ እስኪከፈት አልጠበቁም፤ «22 ዓመት ለዚህ?» ብለው ተኙ።

የአር.ኢ.ኤም. መዝገብ ግን እስካሁን አልተዘጋም። ድራመሩ ቢል ቤሪ በ1997 ሲወጣ ፈራጃችን «በቃ፣ አሁን ይበተኑ» ብለው በየኑ። ሦስቱ እምቢ ብለው ቀጠሉ፤ እሳቸውም አልበም በወጣ ቁጥር «ኧረ ተበተኑ» እያሉ ከአሥር ዓመት በላይ ወተወቱ። በ2011 የመጨረሻ አልበማቸውን አውጥተው እንደተባሉት በሰላም ተበተኑ። ፈራጃችን በዚያው ቀን የኀዘን መግለጫ አወጡ፤ የመጨረሻውንም አልበም፣ ሳይሰሙት፣ «ያልተመሰገነ ድንቅ ሥራ» አሉት። ከዚያ ወዲህ ሥራ ፈትተዋል ማለት አይደለም፤ አራቱም ተሰብስበው አዲስ አልበም እንዲሠሩ እያሰባሰቡ ካሉት ፊርማ መጀመሪያ ላይ ያለው የእሳቸው ነው።