ይድረስ ለክቡር የውርርድ መተግበሪያ

ባሉበት፣ ማለትም በልጆቻችን ኪስ ውስጥ

ክቡር ሆይ፣ ጤናዎ እንዴት ነው? ለነገሩ እርስዎ ምን ይሆናሉ፤ የሚታመሙት ደንበኞችዎ ናቸው።

ይህን የምጽፈው ለማስተማር ውለታዎ ምስጋና ላቀርብ ነው። መምህራን ዓመቱን ሙሉ ለፍተው ያላስያዙትን ማባዛት እርስዎ በአንድ ቅዳሜ አስያዙት። ለፈተና አንድ ሌሊት ያልነቃ ልጅ ዛሬ የማያውቀውን አገር ሦስተኛ ዲቪዚዮን ሊከታተል እስከ ሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ድረስ ያመሻል። ተጫዋቾቹን አንድ በአንድ ጥራ ቢሉት አይችልም፤ የኮርናውን ብዛት ግን በቃሉ ይዞታል።

ብቻ አንዲት ምዕራፍ ዘለሉ። ሁለት ውጤቶች እኩል ዕድል ካላቸው ተገቢው ኦድ፣ ማለትም ላሸነፈ ያስያዘው ገንዘብ የሚባዛበት ቁጥር፣ 2 ነው። እርስዎ ለሁለቱም 1.90 ይሰጣሉ። ልጁም «ይቺ ምን አላት!» ብሎ ያልፋታል። እንዲህ ያሉ 10 ጨዋታዎች አንድ ቲኬት ላይ ሲደረድር ግን ሁሉም የሚገቡለት ከ1024 አንዴ ነው፤ የሚከፍሉት ደግሞ 613 እጥፍ ገደማ። «ምን አላት» የተባለችው ተባዝታ ተባዝታ ከተገቢው የ1024 እጥፍ ክፍያ 40 በመቶውን በላች። ክቡር ሆይ፣ ሂሳብ እንዲህ ነው እንጂ!

ከዚያ ደግሞ «ዘጠኙ ገብተው አንድ ጨዋታ በላኝ» የሚለው እሮሮ አለ። በዚያው ቲኬት ላይ ዘጠኙ ገብተው አንዱ የሚቀርበት ዕድል፣ አሥሩም ከሚገቡበት 10 እጥፍ ይበልጣል። ልጁ ግን «ተቃርቤያለሁ» ብሎ ያስባል። እርስዎ ይህን እያወቁ ዝም ማለትዎ ትሕትና ይሆናል መቼስ።

የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2013 የቁማር ችግርን ከመጠጥና ከአደንዛዥ ዕፅ ጋር በሱስ ተራ አስቀመጠው። ከምልክቶቹ አንዱ፣ የተበላን ገንዘብ ለማስመለስ በሌላ ቀን ተመልሶ መጫወት ነው። እርስዎ ደግሞ ልጁ በተበላ ማግስት ገና ከአልጋው ሳይወርድ «የነጻ ውርርድ ቦነስ ተዘጋጅቶልዎታል» የሚል መልእክት ይልኩለታል። ሐኪም እንኳ እንዲህ ተከታትሎ አይጠይቅም። ደግሞ አስልቶ የሚያሸንፍ ሲገኝ፣ ከወገኖችዎ ብዙዎቹ ማስያዝ የሚችለውን መጠን ይቀንሱበታል አሉ። ጎበዝ ተማሪ ከክፍል የሚባረርበት ትምህርት ቤት!

ልመናዬ አንድ ነው። ያቺን በጉንዳን ፊደል የተጻፈች «በኃላፊነት ይጫወቱ» ያንሷትና፣ መግቢያው ላይ የባለ ዕድለኞች ፎቶ በሚደረደርበት ቦታ፣ ልጁ እስከ ዛሬ ያስገባውንና ያወጣውን ድምር በትልቁ ይጻፉለት። ቴክኒኩ አስቸግሮን ነው እንዳይሉኝ፤ ጎል ሳይጨበጨብለት ኦድ የሚቀይር መሣሪያ መቀነስ አያቅተውም።

ከሠላምታ ጋር፣
የአንዱ ደንበኛዎ ታላቅ እህት