«ጠግቤያለሁ» ሲሉ የሚታመንበት አገር

ደብረ ማርቆስ ላይ እንግዳ «በልቼ ነው የመጣሁ» ሲል የሚያምነው የለም። እናቴማ ቃሉን ሳይጨርስ መሶቡን ታቀርባለች። «በሞቴ» ይመጣል፣ «አፈር ስሆን» ይከተላል፣ በሦስተኛው ልመና እንግዳው «እንግዲህ ልቅመስ» ብሎ ይጠጋና ደኅና አድርጎ ይበላል። በመጀመሪያው ጥሪ ዘሎ የተቀመጠ ሰው ስሙ ሲነሳ ይከርማል።

ይህንን ልማድ ይዤ ነው ለአጭር ሥልጠና ጀርመን የሄድኩት። በሁለተኛው ቀን አንድ ሠልጣኝ «ራት አብረን እንብላ» አለኝና ምግብ ቤት ገባን። አስተናጋጁ የሾርባ ሳህኔን እያነሳ «ሌላ የምትፈልገው አለ?» ሲለኝ «አይ፣ ይበቃኛል» አልኩ። ልመናውን እየጠበቅሁ ነበር። ሰውዬው አመስግኖኝ ሄደ። ጓደኛዬ ፊት ለፊቴ ሥጋውን ሲቆርጥ እኔ ዳቦ ስቆራርስ አመሸሁ። ሒሳብ ላይ ደግሞ «አንድ ላይ ነው ወይስ ለየብቻ?» ተባልን። እዚያ አገር የተለመደ ጥያቄ ነው። እኛ ዘንድ ሒሳብ የሚከፈለው አንዱ የሌላውን እጅ ይዞ፣ በትግል ነው። ጓደኛዬ ግን ረጋ ብሎ «ለየብቻ» አለ። ጋባዤ መስሎኝ ነበርና ሦስት ቀን አኮረፍኩ። ማኩረፌን እንኳ አላወቀልኝም።

ኩርፊያው ሲበርድልኝ ነው የገባኝ፦ ሁለቱም ሰዎች ያደረጉት ቃልን እንዳለ መውሰድ ነው፤ ጓደኛዬ «አብረን እንብላ» እንጂ «ልጋብዝህ» አላለም፣ አስተናጋጁም ቃሌን አከበረ። «ይበቃኛል» ያለን ሰው መወትወት እነሱ ዘንድ «ዋሽተሃል» እንደማለት ይቆጠራል።

ስለዚህ ውጭ ለሚሄዱ ልጆች ስለ ሹካና ቢላ ብቻ የሚሰጠው ምክር አያጠግበኝም። ሹካ በአንድ ምሽት ይለመዳል። (እርግጥ በግራ እጅ መያዙ ለእኛ ቀላል አይደለም፤ በግራው ሲጎርስ እጁን እየተመታ ያደገ ሰው ዛሬም ዙሪያውን ሳያይ አያነሳውም።) ሲጨርሱ ሹካና ቢላውን ሳህኑ ላይ ጎን ለጎን ማጋደምም አጠገብ ያለውን እያዩ የሚያዝ ነገር ነው። ከሰው አይቶ መቅዳት የማይቻለው «አይ» ማለት «አይ» መሆኑን ነው። የራበው ልጅ ሲጠየቅ በመጀመሪያው «አዎ» ይበል። ሁለተኛ ላይጠየቅ ይችላል።

የጾሙም ጉዳይ ከዚሁ አይርቅም። «ሥጋ አልበላም» ካሉ በቅን ልብ አይብና ቅቤ ያለበት ይቀርብልዎታል፤ «ቪጋን» (ከእንስሳት የሚገኝ ምንም የማይበላ) ማለት ይሻላል። ባሕር ዳር ላይ አጨብጭቦ አስተናጋጅ የሚጠራ ሰው ማንንም አያስቀይምም፤ አውሮፓ ውስጥ ግን እንደ ስድብ ነው የሚታየው፣ ዓይን ለዓይን መተያየት ይበቃል።

ለአስተናጋጅ የሚሰጠውን ገንዘብ አማርኛችን «ጉርሻ» ማለቱ ሁሌም ይገርመኛል፤ ልክ እንደ ምግቡ፣ ይህም የሚጎረስበትና የማይጎረስበት አገር አለው። አሜሪካ ውስጥ ከሒሳቡ ከ15 እስከ 20 በመቶ ይጠበቃል፤ ብዙው አስተናጋጅ የሚኖረው በእሱ ነውና ማስቀረቱ ደመወዝ እንደመቁረጥ ነው። ጀርመን ውስጥ ሒሳቡን ትንሽ ከፍ አድርገው ለአስተናጋጁ በቃል ይነግሩታል። ጃፓን ግን ጉርሻ የሚባል ልማድ የለም፤ ጠረጴዛ ላይ ትተው ቢወጡ ረስተውት ነው ተብሎ ሊመለስልዎ ይችላል። እዚያው ጃፓን የመብያ እንጨቱን ሩዝ ላይ ቀጥ አድርጎ መሰካት የቀብር ሥርዓትን ስለሚያስታውስ ነውር ነው።

ያ ጓደኛዬ ባለፈው ዓመት እኛ ቤት መጣ። ነገሩን አስቀድሜ ነግሬው፣ አንዲት ቃል አስጠንቼው ነበር። ከአንድ እንጀራ በኋላ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ፣ ጥርት ባለ አማርኛ «ጠግቤያለሁ» አለ።

እናቴ በደስታ ሳቀች። «ውይ፣ አማርኛውንስ እንዴት አድርጎ ለመደው!» ብላ ሁለተኛውን እንጀራ ደረበችለት።