የካሴት ዘመን ውል ዩቲዩብ ድረስ አይዘልቅም

ሮያሊቲ፣ ማለትም ዘፈኑ ጥቅም ላይ ሲውል ለባለመብቱ የሚከፈለው ብር፣ በተነሳ ቁጥር ጣታችን የሚቀሰረው ሆቴሎች፣ ቡና ቤቶችና ኤፍኤም ጣቢያዎች ላይ ነው። ይክፈሉ። የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 በአዋጅ ቁጥር 872/2007 ሲሻሻል ሮያሊቲ ባለመብቶቹን በሚወክል የጋራ አስተዳደር ማኅበር በኩል እንዲሰበሰብ መንገድ ተከፍቷል። እኔን የሚያሳስበኝ ግን ብሩ ተሰብስቦ "ለማን ይሰጥ?" ሲባል ከመሳቢያ የሚወጣው ያረጀ የውል ወረቀት ነው።

ፒያሳና መርካቶ በሙዚቃ ቤቶች ድምፅ ማጉያ ይናጡ በነበረበት ዘመን የአልበም ውል ከዕቃ ሽያጭ ብዙም አይለይም ነበር። የግጥምና የዜማ ደራሲው ከድምፃዊው እጅ የአንድ ጊዜ ክፍያውን ተቀብሎ ይሄዳል፤ ድምፃዊው ማስተሩን፣ ማለትም ዋናውን ቅጂ፣ ለሙዚቃ ቤቱ ያስረክባል፤ ሙዚቃ ቤቱ ካሴቱን ያባዛል። በሙዚቃ ቤቱ ላይ መፍረድ ቀላል ነው። ነገር ግን ለስቱዲዮ ከፍሎና ፖስተር አሳትሞ ሲያበቃ፣ ተቀድቶ የተባዛው ካሴት መንገድ ላይ በርካሽ ሲቸበቸብበት የኖረውም እሱ ነው። የገዛውን ካሴት ሸጦ ያተርፍ፣ ማንም አይከለክለውም።

ጥያቄው ያ ወረቀት ኢንተርኔትንም ሸጧል ወይ ነው።

ዛሬ አንድ አንጋፋ ድምፃዊ የገዛ ዘፈኑን ዩቲዩብ ላይ ቢጭን ክሌም፣ ማለትም "መብቱ የእኔ ነው" የሚል ጥያቄ፣ ሊመጣበት ይችላል። ዩቲዩብ የተጫኑ ዘፈኖችን የሚለይበት፣ ኮንቴንት አይዲ የሚባለው ማሽን ግጥሙን ማን ጻፈው፣ ዜማውን ማን ደረሰው ብሎ አይጠይቅም። የሚያውቀው ዘፈኑ የሚለይበትን ማመሳከሪያ ፋይል ያስገባውን አካል ነው፤ የማስታወቂያው ገቢም ወደዚያው ሊዞር ይችላል። ድምፃዊው ቢከራከር አቤቱታው በመጀመሪያ የሚሄደው ለዚያው ክሌም ላደረገው ወገን ነው፤ መልስ ለመስጠትም 30 ቀን አለው። ከሳሹ ራሱ ዳኛ ሆኖ የሚጀመር ሙግት! በዩቲዩብ በኩል ያለው ይግባኝም ካልተሳካ፣ መጨረሻ ላይ የሚቀረው ያችን ያረጀች ወረቀት ይዞ ፍርድ ቤት መቆም ነው።

ይህ የእኛ ብቻ ጣጣ አይደለም። አሜሪካ ውስጥ ራፐሩን ኤሚነምን ገና ሳይታወቅ ያስፈረመው ኤፍቢቲ ፕሮዳክሽንስ አፍተርማዝ የተባለውን አሳታሚ የከሰሰው በዚሁ ነገር ነው። ውላቸው ለተሸጠ ቅጂ ከ12 እስከ 20 በመቶ፣ ማስተሩ ለሌላ ወገን በፈቃድ ሲሰጥ ደግሞ 50 በመቶ ይላል። ታዲያ ሰው ከአፕል የዘፈን መደብር ከአይቲዩንስ የሚያወርደው ዘፈን የቱ ነው፣ ሽያጭ ወይስ ፈቃድ? የይግባኝ ፍርድ ቤቱ እ.ኤ.አ. በ2010 ፈቃድ ነው አለ፤ አሳታሚው ፋይሉን ለአፕል ሰጠ እንጂ ባለቤትነቱን አላስተላለፈምና። በቀጣዩ ዓመት ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ጉዳዩን አላይም በማለቱ ውሳኔው ጸና። የእኛ ችግር ከዚህ ይብሳል፤ እነሱ የሚከራከሩበት ዝርዝር ውል ነበራቸው፣ የእኛ ደራሲ በእጁ ያለው፣ ካለም፣ ደረሰኝ ነው።

ዘፈን ከውሉ በላይ ዕድሜ እንዳለው ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። አምሃ እሸቴ እ.ኤ.አ. በ1969 በግሉ ሸክላ ማሳተም ሲጀምር፣ እነዚያ ዘፈኖች ከሠላሳ ዓመት ገደማ በኋላ በፈረንሳይ በ"ኢትዮፒክስ" ተከታታይ ሲዲዎች እንደ አዲስ ይሸጣሉ ብሎ የገመተ አልነበረም። በሕጋችን የደራሲው መብት በሕይወት ዘመኑና ከሞተ በኋላም 50 ዓመት ይቆያል። የልጅ ልጆቹ ጭምር የሚጠይቁት ሀብት በአንድ ቀን ክፍያ ሙሉ በሙሉ አልቋል ማለት ይከብደኛል።

ስለዚህ የጋራ አስተዳደር ማኅበሩ ብር ከመቁጠሩ በፊት ስም ይቁጠር እላለሁ። ለእያንዳንዱ ዘፈን ግጥሙን፣ ዜማውንና ቅንብሩን ማን እንደሠራ፣ ማን እንደዘፈነውና ማን ገንዘብ እንዳወጣበት ከነድርሻው ይመዝገብ። "የኦንላይን መብት የእኔ ነው" የሚል ሁሉ ይህን በግልጽ የሚሰጠውን ውል ያሳይ። በውሉ ያልተጻፈው መብት ከደራሲው እጅ አልወጣም ተብሎ ይተርጎም፤ ካስፈለገም አዋጁ ይህንኑ በማያሻማ ቋንቋ ይበል።

ለአዲሶቹ ልጆች ግን ይህም አይበቃም። የእነሱ ውል አጭር አይደለም፤ እንዲያውም ረጅም ነው። "ለዘለዓለም፣ በመላው ዓለም፣ ወደፊት በሚፈጠር በማንኛውም ቴክኖሎጂ" የሚል መስመር ይገባበታል፤ ልጁ ለክሊፕ መቅረጫ ብር ቸኩሎ ነው የሚፈርመው። ለእንዲህ ያለው ውል በሕግ የዓመት ገደብ ካልተበጀለት፣ ምዝገባው ራሱ የሚያጸድቀው ያንን መስመር ይሆናል።